ቡትሎደሩ የተቆለፈ አሮጌ ስልክ፦ ሩት ያዋጣል ወይስ ይቅርብኝ? የገዛሁትን ስልክ ለመክፈት ለምን ፈቃድ እጠይቃለሁ?

ሰማያዊ_ሌሊት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አምስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ አንድሮይድ 11 ላይ የቆመ ስልክ አለኝ። ሰሪው አፕዴት መላክ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ስልኩ ግን ጤነኛ ነው፣ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም ባትሪውም ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ምን አጥፍቶ ነው ምጥለው? ችግሬ ስቶሬጁ 32 ጊጋ ብቻ መሆኑ ነው፣ ከመጀመሪያው አብረውት የመጡ እኔ ያልጫንኳቸው ጌሞች ምናምኖች አሉ፣ ልሰርዛቸው ስል አይጠፉም፣ አንዳንዶቹ "ዲሴብል" ይላሉ አንዳንዶቹ እሱም የላቸውም። ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ስቶሬጅ ሞልቷል እያለ ይነዘንዘኛል።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ መፍትሄው ሩት ነው ይለኛል። ማንበብ ስጀምር ግን ነገሩ ሰፋብኝ። መጀመሪያ ቡትሎደሩ አንሎክ መደረግ አለበት አሉ፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ገብቼ "ኦኢኤም አንሎኪንግ" የሚለውን ሳየው ደብዝዞ አልነካም ይላል። የሰሪው ሳይት ላይ ደሞ አካውንት አውጣ፣ ስልኩን አስመዝግብ፣ ሰባት ቀን ጠብቅ ይላል። ቆይ እኔ እምለው፣ ስልኩን ገዝቼዋለሁ አይደል? ከገዛሁት በኋላ ቁልፉ ለምን እነሱ ጋ ይቀራል?

እና ምጠይቃችሁ፣ ሩት ማድረግ ዛሬም ያዋጣል ወይ፣ የባንክ አፕ ይዘጋብሃል የሚባለው እውነት ነው ወይ፣ ደሞ ቡትሎደር መቆለፉ የሚጠቅመው እኔን ነው ወይስ እነሱን? በሦስተኛው ብትጣሉም ደስ ይለኛል፣ የሁለቱንም ወገን መስማት ነው የፈለግኩት።

ከርነል_ወዳድ፦

ወንድሜ ሦስት ነገር ነው ያደባለቅከው፣ ሁሉም ሰው ስለሚያደባልቀው አልፈርድብህም።

ቡትሎደር ማለት ስልኩ ሲበራ ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቺፑ ውስጥ ከፋብሪካ የተቀረጸ ማንም የማይቀይረው ኮድ አለ፣ እሱ የቡትሎደሩን ፊርማ አይቶ ያስነሳዋል፣ ቡትሎደሩ የከርነሉን (የሲስተሙን ልብ) ፊርማ አይቶ ያስነሳል፣ ከርነሉ ደሞ ሲስተሙን እያነበበ ያጣራል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ነው ስክሪንህ ጋ የሚደርሱት። ተቆልፏል ማለት በዚህ ቅብብል ውስጥ ሰሪው ያልፈረመበት ነገር ከመጣ አላስነሳም ይላል ማለት ነው። አንሎክ ስታደርገው ያልተፈረመውንም ያሳልፋል፣ በቃ ይሄው ነው።

ሩት ሌላ ነው። አንድሮይድ ሊኑክስ ላይ ነው የቆመው፣ እያንዳንዱን አፕ እንደ አንድ ተጠቃሚ ቆጥሮ ለየብቻ ክፍል ሰጥቶ ዘግቶበት ነው የሚያኖረው፣ ሩት ማለት ቁጥሩ ዜሮ የሆነው የሁሉንም ክፍል መክፈቻ የያዘው ተጠቃሚ ነው። ማጂስክ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለው መሳሪያ የሚያደርገው ቡት ፋይሉን ጠጋግኖ ይሄን ሥልጣን ለፈለግከው አፕ መስጠት ነው፣ ሲስተሙን ራሱን አይነካም። የተጠጋገነ ቡት ፋይል ደሞ ሰሪው አልፈረመበትም፣ ለዛ ነው ቡትሎደሩ ቀድሞ መከፈት ያለበት። ሦስተኛው ሮም (ሙሉውን ሲስተም) መቀየር ነው፣ ለምሳሌ ሊኔጅ ኦኤስ ትጭናለህ፣ እሱ ሩት የለውም፣ ካልፈለግክ ሳይኖረው መኖር ይችላል።

አሁን መርዶውን ልንገርህ፣ ሩት ብታደርገው ስቶሬጅህ አይጨምርም። እነዛ የማይጠፉት አፖች ያሉት ሲስተም ፓርቲሽን (የስቶሬጁ አንድ ክፋይ) ላይ ነው፣ ፎቶህ የሚቀመጠው ዳታ ፓርቲሽን ላይ ነው፣ መሀላቸው ግድግዳ አለ። ከሲስተሙ ሦስት ጊጋ ብትሰርዝ ቦታው እዛው ባዶውን ይቀመጣል እንጂ ወዳንተ አይሻገርም። አንተን የሚበላህ አፖቹ ከፕሌይ ስቶር አፕዴት ሲደረጉ አዲሱ ኮፒ ዳታ ላይ ስለሚያርፍ ነው፣ ካሻቸውም (ለጊዜው የሚያስቀምጡት ፋይል) እዛው ነው የሚከማቸው።

እሱን ደሞ ያለ ሩት መገላገል ይቻላል። ላፕቶፕ ላይ ኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር የሚያዝ መሳሪያ) ጫን፣ ስልኩ ላይ ዩኤስቢ ዲበጊንግ ክፈት፣ በኬብል አገናኝና አፑን ለተጠቃሚ ዜሮ ብቻ አንሳው የሚለውን ትእዛዝ ስጥ። ዋናው ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ይቀራል፣ ካንተ ላይ ግን አፑም ዳታውም ይነሳል (አፕዴቱ የያዘው ቦታ እንዲለቀቅ ግን ቀድመህ ከሴቲንግ የአፑን አፕዴት አንሳ)፣ ፋክተሪ ሪሴት ካደረግክ ተመልሶ ይመጣል። ስትጨርስ ዩኤስቢ ዲበጊንጉን ዝጋው፣ አንዳንድ የባንክ አፕ እሱን ክፍት ካየ ያኮርፋል። ብቻ የማታውቀውን ስም አትንካ፣ ሲስተም ዩአይ የሚለውን አንስቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰባት_ቁልፍ፦

ከርነል ወዳድ ያለው ልክ ነው ግን ሦስተኛውን ጥያቄ ሸሽቷል ሃሃ። እኔ አልሸሽም፣ የገዛኸው እቃ ላይ የማታዘው ከሆነ አልገዛኸውም፣ ተከራይተኸው ነው።

ታሪኩን እዩት እስቲ። የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ሩት ማድረግ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ? ሲስተሙ ላይ ተረስቶ የቀረ ስህተት ነበር፣ ኪቦርዱ ላይ የምትጽፈው ሁሉ ከጀርባ ለሩት ትእዛዝ መቀበያም ይደርስ ነበር፣ ለሰው ቴክስት ስትጽፍ "ሪቡት" የምትለዋን ቃል ለብቻዋ ጽፈህ ኢንተር ካልክ ስልኩ ጠፍቶ ይነሳል! ተደፈነ እርግጥ፣ መደፈንም ነበረበት። ከዛ በ2011 ኤችቲሲ ስልኮቹን መቆለፍ ሲጀምር ሰዉ ፌስቡክ ገጹ ላይ ወርዶበት ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጥቶ ከዚህ በኋላ አንቆልፍም አለ። ያኔ ጩኸት ይሰማ ነበር። በ2018 ሁዋዌ የመክፈቻ ኮድ መስጠት ሲያቆም ማን ሰማ? ሻዎሚ 168 ሰዓት ጠብቅ ይል ነበር፣ አዲሱ ሲስተሙ ሃይፐር ኦኤስ ሲመጣ ጭራሽ አጠበቀው። ሳምሰንግ በ2025 ዋን ዩአይ 8 የሚለው ሲስተሙ ላይ ያቺን የኦኢኤም አንሎኪንግ ማብሪያ ማጥፊያ ጭራሽ አነሳት። በየዓመቱ አንድ በር ይዘጋል፣ ሁሉም የሚሉት ግን "ለደህንነትህ" ነው።

አሜሪካ በ2010 የኮፒራይት ሕጉ ላይ ስልክ መክፈት ወንጀል እንዳይሆን የተለየ ፈቃድ ወጥቷል፣ በየሦስት ዓመቱ ነው የሚታደሰው። ግን ልብ በሉ፣ እሱ አንተ ከከፈትክ አትከሰስም ይላል እንጂ ሰሪው ይክፈትልህ አይልም። በር ሰብረህ ብትገባ አንከስህም፣ ቁልፍ ግን አንሰጥህም ነው ነገሩ።

ያንተን ስልክ ውሰደው። ባትሪ ጤነኛ ስክሪን ጤነኛ፣ የቀረው የሲስተም አፕዴት ብቻ ነው፣ ሰሪው አልሰጥም ብሏል፣ ሊኔጅ ኦኤስ የሚሠሩት ሰዎች በነፃ ሊሰጡህ ፈቃደኛ ናቸው፣ መሀል ላይ የቆመው ቁልፉ ብቻ ነው። ራሱም አይበላ ሌላም አያስበላ!

ያልጠረጠረ_ተመነጠረ፦

ሰባት ቁልፍ አነጋገርህ ደስ ይላል ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። ቁልፉ ባይኖር ምን እንደሚሆን ልንገርህ።

ስልክህ ተሰረቀ እንበል። ቡትሎደሩ ተቆልፎ ከሆነ ሌባው የራሱን ሲስተም መጫን አይችልም፣ ልክፈተው ቢል ደሞ ስልኩ ጠቅላላ ዳታውን አጥፍቶ ነው የሚከፈተው። ሰው ይሄን እንደ ቅጣት ያየዋል፣ ኧረ ቅጣት አይደለም! ማንም እየከፈተ ፎቶህን እንዳያይ ነው ሆን ተብሎ እንደዛ የተሠራው። ያቺ ኦኢኤም አንሎኪንግ የምትለዋ ማብሪያም አንድሮይድ 5 ላይ የመጣችው ለዚሁ ነው፣ ፒኑን የሚያውቅ ሰው ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ ካላበራት ቡትሎደሩ አይከፈትም።

ሌባውን ተወው፣ ስልክህን ለአስር ደቂቃ የያዘ ሰው አለ። ቡትሎደሩ ክፍት ከሆነ ኬብል ሰክቶ የተጠጋገነ ቡት ፋይል ጭኖ ይመልስልሃል፣ ዳታህ ኢንክሪፕት (የተመሰጠረ) ስለሆነ ያኔ ማንበብ አይችልም፣ አንተ ማታ ፒንህን ስታስገባ ግን ያ ፋይል ቁጭ ብሎ ይቀበልሃል። ምንም ምልክት አታይም፣ ሲበራ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ እንደሆነ ከከፈትከው ቀን ጀምሮ ስለነበረ ዓይንህ ለምዶታል።

አንድ ነገር ደሞ ይጨመር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ታወልሩት የሚባል አፕ ነበር፣ አንዴ ስትነካው ስልኩ ሩት ይሆናል፣ ኮምፒውተር አያስፈልግ ምን አያስፈልግ። ሰው ጨፈረ። ግን ምን ማለት እንደሆነ አስበኸዋል? አንድ ተራ አፕ ሊኑክስ ከርነል ላይ በነበረ ቀዳዳ ገብቶ ሙሉ ሥልጣን ያዘ ማለት ነው። ለወዳጅህ የሠራ ቀዳዳ ለጠላትህም ይሠራል፣ የባትሪ አፕ መስሎ የሚመጣ ቫይረስ እሷኑ ነው የሚጠቀመው። እንግዲህ ያ ቀዳዳ ይደፈን ወይስ ይቅር?

ሰባት_ቁልፍ፦

ይደፈን። ማን ይቅር አለ? የኔ ነገር እኮ ቀዳዳ አይደለም፣ በር ነው። በሩ ቢኖር ኖሮ ሰው ቀዳዳ አይፈልግም ነበር፣ ታወልሩትን ያን ያህል የፈለጉት ኮኔክሽን የሚሸጡላቸው ድርጅቶች ስልኩን ቆልፈው የሸጡላቸው ሰዎች ናቸው፣ ሌላ መንገድ ቢኖራቸው የማያውቁትን አፕ አይጭኑም።

ሎጎ_ላይ_የቆመው፦

እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ የደረሰብኝን ላውራ ለጠያቂው ይጠቅመዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንሎክ አደረግኩት፣ ማጂስክ ጫንኩ፣ ሁሉም አማረ፣ ሁለት ወር ንጉሥ ሆኜ ኖርኩ፣ ማስታወቂያ የለ ምን የለ። ከዛ የባንክ አፑ አንድ ቀን አልከፈትም አለኝ። ቡትሎደሩ ክፍት ስለሆነ ነው አሉኝ፣ እኔ ጅሉ እንግዲያው ልቆልፈዋ ብዬ የተጠጋገነው ቡት ፋይል እንዳለ ፋስትቡት (የቡትሎደሩ ትእዛዝ መቀበያ) ገብቼ ቆለፍኩት!! ከላይ ከርነል ወዳድ የጻፈውን ቅብብል ያነበበ ሰው ምን እንደተፈጠረ ገብቶታል። ቡትሎደሩ ሥራውን ጀመረ፣ ፊርማውን አየ፣ ይሄ የኛ አይደለም አለ፣ አላስነሳም። እሺ ልክፈተውና ልመልሰው ስል ለመክፈት ያቺ ማብሪያ መብራት አለባት፣ እኔ ደሞ ለባንኩ ብዬ ከመቆለፌ በፊት አጥፍቻታለሁ፣ ማብሪያዋ ያለችው ሲስተሙ ውስጥ ነው፣ ሲስተሙ አይነሳም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ስቦ የወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ቺፑን ከሥር በቀጥታ የሚያናግር ድብቅ ሞድ አለው፣ እዛም ቢሆን በሰሪው የተፈረመ ፋይል ይፈልጋል፣ ፋይሉን ደሞ ለራሳቸው ጥገና ቤት ብቻ ነው የሚሰጡት። በመጨረሻ ማዘርቦርዱ ይቀየር አሉኝ፣ ተውኩት። አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ።

ስለዚህ ሩት አታድርግ እያልኩ አይደለም፣ ከመለስክ ግን መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ወደ ፋብሪካው መልሰህ፣ አስነስተህ፣ አይተህ፣ ከዛ ነው የሚቆለፈው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ የሚባለው ለኔ ነው።

ሰማያዊ_ሌሊት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ግን "ወንድሜ" የምትሉኝ እህታችሁ ነኝ ሃሃሃ።

ከርነል ወዳድ ያልከውን ትናንት ማታ አደረግኩት። አስራ ሰባት አፕ አነሳሁ፣ 4.1 ጊጋ ተመለሰልኝ፣ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ በቃ። ስለዚህ ሩቱን ተውኩት፣ ለዚህ ብዬ ስልኬን ላጋልጠው አልፈልግም። ግን የአፕዴቱ ነገር አልለቀቀኝም፣ ሰባት ቁልፍ ያልከው እውነት ነው፣ የመጨረሻው የሴኪዩሪቲ አፕዴት ሁለት ዓመት ያለፈው ስልክ ላይ ባንኬን መክፈት ራሱ ያስፈራል። ሊኔጅ ኦኤስ ዝርዝር ላይ ስልኬን አገኘሁት። እና እሱን ልጭን ካልኩ ባንኩ ምን ይለኛል? ደሞ ያቺ ማብሪያ ለምን ደበዘዘች?

ከርነል_ወዳድ፦

ይቅርታ እህቴ፣ ለሰው ሁሉ ወንድሜ ማለት ለምዶብኝ ነው።

ማብሪያዋ ብዙ ጊዜ የምትደበዝዘው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ስልኩ ከኮኔክሽን ሻጭ ድርጅት ጋር ተቆራኝቶ የተሸጠ ከሆነ ነው፣ ያ ከሆነ ተስፋ የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ስልኩ ይከፈት ዘንድ ይፈቀዳል ወይ ብሎ ከሰርቨር መጠየቅ ስላለበት ነው፣ ሪሴት ከተደረገ በኋላ ኢንተርኔት ካላገኘ ደብዝዛ ትቀመጣለች። ዋይፋይ ላይ አድርጊው፣ ትንሽ ቆይተሽ እያት። ሰባቱ ቀን ግን መጠበቅ ነው፣ እሱ በሰሪው ሰርቨር ነው የሚቆጠረው፣ ሰዓት ወደፊት ብትወስጂ አይታለልም።

የባንኩ ነገር እንዲህ ነው። አፑ ራሱ ብዙ አይመረምርም፣ ጎግልን ነው የሚጠይቀው። ድሮ ሴፍቲኔት ይባል ነበር አሁን ፕሌይ ኢንተግሪቲ ነው። ያንቺ ስልክ ውስጥ ከዋናው ሲስተም የተለየ ጥብቅ ክፍል አለ፣ እዛ ውስጥ ከፋብሪካ የተቀመጠ ቁልፍ አለ፣ ጎግል "ቡትሎደርህ ተቆልፏል ወይ" ሲል መልሱን የሚፈርመው እሱ ነው። ሲስተሙን እንደፈለግሽ ብትዋሺ ያኛው ክፍል አይዋሽም። ለማታለል ሰዎች ከሌላ ስልክ ሾልኮ የወጣ ቁልፍ ይጭናሉ፣ ጎግል ያያል ይሰርዘዋል፣ ሌላ ይፈልጋሉ፣ አይጥና ድመት ነው። ለጨዋታ ከሆነ እሺ፣ ደሞዝሽ ያለበት አፕ ላይ ግን አልመክርም። ሌላም አለ፣ ቡትሎደሩ ሲከፈት ብዙ ስልኮች ላይ ዋይድቫይን የሚባለው የቪዲዮ ኮፒ መከላከያ ከ1ኛ ደረጃ ወደ 3ኛ ይወርዳል፣ በክፍያ የምታይባቸው የቪዲዮ አፖች ጥራቱን ይቀንሱብሻል። ሳምሰንግ ቢሆን ደሞ ኖክስ የሚባለው ፊውዝ ይቃጠላል፣ መልሰሽ ብትቆልፊውም አይመለስም፣ ሴኪዩር ፎልደር (የተቆለፈው የግል ማህደር) እስከ ወዲያኛው ሄደ።

ያልጠረጠረ_ተመነጠረ፦

እዚህ ጋ እኔም ከሰባት ቁልፍ ጎን እቆማለሁ፣ አትገረሙ። የሷን ስልክ እዩት፣ ሁለት ዓመት ቀዳዳው ያልተደፈነ፣ ቫይረስ እንደፈለገ የሚገባበት፣ ግን ስለተቆለፈ ብቻ የጎግልን መደበኛ ማጣሪያ ያልፋል። ግራፊን ኦኤስ (ደህንነት ላይ ያተኮረ ሌላ ሮም) የጫነ ፒክስል (የጎግል ስልክ) ደሞ የዚህ ወር ፓች አለው፣ ቡትሎደሩም ተቆልፏል፣ እና አያልፍም። ይሄ ደህንነት አይደለም። ማን ፈረመው ነው እንጂ ምን ያህል ጤነኛ ነው ተብሎ አልተጠየቀም።

የኔ ክርክር ስለ መቆለፍ ነበር እንጂ ቁልፉ ማን ጋ ይሁን ስለሚለው አልነበረም። ፒክስል ላይ የራስህን ቁልፍ አስገብተህ ቡትሎደሩን መልሰህ መቆለፍ ትችላለህ፣ ሲበራ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያሳይሃል፣ ከዛ በኋላ አንተ የመረጥከው ሲስተም ካልሆነ አያስነሳም፣ ኬብል ይዞ የመጣውም ሰውዬ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለታችንም የምንፈልገው እኮ ይሄን ነው ሰባት ቁልፍ።

ሰባት_ቁልፍ፦

ነው፣ እስማማለሁ። ግን ስንት ስልክ ነው ይሄን የሚፈቅደው? በጣት የሚቆጠር። የሷ ስልክ ላይ ወይ የሰሪው ቁልፍ ነው ወይ ወና ቤት። እንዲያው እስማማለሁ ስልህ ተሸነፍኩ እንዳይመስልህ ሃሃ።

ሰማያዊ_ሌሊት፦

ዋይፋይ ላይ አድርጌው ማብሪያዋ ነቃች!! ሰባቱን ቀን መቁጠር ጀምሬያለሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፣ ባንኩን ወደ እህቴ... አይ እሱስ አይሆንም። ባንኩን ሌላ አፕዴት የሚያገኝ ስልክ ላይ አደርገውና ይሄኛውን ሊኔጅ ጭኜ ለማንበቢያ፣ ለሙዚቃና ለፎቶ እጠቀምበታለሁ። ሩት አልጭንም። ያልጠረጠረ ያልከው የኬብል ሰውዬ አስፈርቶኛል፣ ስለዚህ ቢሰረቅ የማዝንበት ነገር አላስቀምጥበትም። ትክክል ነኝ?

ያልጠረጠረ_ተመነጠረ፦

ትክክል ነሽ። ኢሜልሽን ግን አትርሺው፣ የሁሉም አካውንት ፓስወርድ የሚቀየረው በሱ ነው። ዋናውን ኢሜል እዛ ስልክ ላይ አታስገቢ፣ ለብቻው ሌላ ክፈቺለት።

ሎጎ_ላይ_የቆመው፦

ፋይሉን ስታወርጂ የስልኩን የሞዴል ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አመሳክሪ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ቺፑ የተለያየ ስልክ ሞልቷል። ከሊኔጁ በፊት የትኛው የፋብሪካ ቨርዥን ላይ መሆን እንዳለበት ገጹ ላይ ይጽፋሉ፣ እሱንም አንብቢ፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚከለክሉ ስልኮች አሉ፣ የቆየ ፋይል ከጫንሽባቸው ይሞታሉ። ኬብሉም የማይነቃነቅ ይሁን።

ደሞ ሲከፈት ሁሉም ዳታ እንደሚጠፋ አትዘንጊ። ፎቶሽን አውጥተሻል?

ሰማያዊ_ሌሊት፦

ፎቶውን ትናንት ላፕቶፕ ላይ ገልብጬዋለሁ፣ ኮንታክቱም ወጥቷል።

ሎጎ_ላይ_የቆመው፦

ኦተንቲኬተሩስ? ባለ ስድስት ዲጂት ኮድ የሚሰጥሽ አፕ?

ሰማያዊ_ሌሊት፦

ውይ። እሱን ረስቼዋለሁ፣ መጣሁ።